ከበሩ ወዲያ ውሃ ማን ይቀዳል?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከመንገዱ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ መጻሕፍት እያከራየሁ እኖራለሁ። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፤ ብዙውን አንባቢ ስልክ ወስዶብኛል። የቀሩልኝ ጥቂት የረጅም ጊዜ ደንበኞችና ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካናቸውን ወረፋ አስይዘው እኔ ዘንድ ቁጭ ብለው የሚያነቡ ልጆች ናቸው።

ያን ቀን አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የተከራየውን መጽሐፍ ሊመልስ መጣ። ጡረታ የወጡ መምህር ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና መጽሐፉን ከልጁ እጅ ተቀብለው አገላበጡት። ታሪኩ አዲስ አይደለም። አንድ ወጣት ከከተማ ተነሥቶ ወደ አንድ ጥንታዊ ገዳም ይሄዳል፤ ከዋሻው ጀርባ የድንጋይ በር ይከፈትለታል፤ ከበሩ ወዲያ የተሰወረ አገር፣ ወርቅ፣ ጥበብ፣ ሞትን የማያውቁ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል።

«ይኼን ነው የምታከራያቸው?» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ልጆቻችን ሕይወት ሌላ ቦታ ናት እያሉ ባሕር ይገባሉ፤ አንተ ደግሞ ግድግዳው ላይ በር ትሥልላቸዋለህ!»

ልጁ ደንግጦ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። እኔም መልስ አጣሁ። ጋሼ ይህን የተናገሩት ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። በክፍላቸው ካስተማሯቸው ልጆች መካከል በኦቦክ በኩል ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ የቀሩ አሉ። የሰው ሐዘን ላይ ቆሞ ስለ ሥነ ጽሑፍ መከራከር ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ነገር ግን ሐዘናቸው እውነት ቢሆንም ፍርዳቸው ስሕተት ነው። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

ክርክሬ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው በሩ ይዘጋ ከሚሉት ከጋሼና ከመሰሎቻቸው ጋር ነው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም የከረረው፣ በሩን እንደ ነገሩ ከሚከፍቱት ደራሲዎቻችን ጋር ነው።

ከዚህ ዓለም ተነሥቶ በአንድ ቀዳዳ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግረውን ድርሰት በዚህ ጽሑፍ «የበር ልብ ወለድ» እያልኩ ልጥራው። በእንግሊዝ አገር ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1865 አሊስ የተባለችውን ልጅ በጥንቸል ጉድጓድ አስገባት፤ ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ሕፃናትን በልብስ ቁም ሣጥን አሻገረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሃሪ ፖተር በባቡር ጣቢያ ግድግዳ ውስጥ አልፎ የዓለምን ልጆች አስከተለ። ከዚህ ተነሥተው ነገሩን የፈረንጅ በሽታ የሚሉ አሉ። በሽታ ከሆነ እኛም ቀድሞ ይዞናል።

በእኛ በወሎ ሙስሊሙ ጎረቤቴ አርብ አርብ ከሚቀራው የከህፍ ምዕራፍ የዋሻውን ወጣቶች ታሪክ ያውቃል። ክርስቲያኑም በበኩሉ ሰባቱን የኤፌሶን ልጆች ያውቃቸዋል። ከግፍ ሸሽተው ዋሻ የገቡ ወጣቶች አንድ ቀን የተኙ መስሏቸው ዘመናት ያልፋሉ። ሲነቁ ከመካከላቸው አንዱን ብር አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ወደ ከተማ ይልካሉ። በኪሱ ያለው ብር የቀድሞ ዘመን ብር ነው። በግዕዝ መጻሕፍታችንም ብሔረ ብፁዓንን አየ የተባለው የዞሲማስ ታሪክ አለ። መናኙ ወንዝና ደመና ተሻግሮ ኃጢአት ወደማያውቁ ሰዎች ይደርሳል። እዚያም ሰው ሁሉ እየመጣ ሲጠይቀው ይደክመውና አስተናጋጁን «የለም በላቸው» ይለዋል። ውሸት የማይታወቅበት አገር በእንግዳው ምክንያት ታወከ። እንግዳ ከበሩ ሲገባ የራሱን ጭቃ ይዞ እንደሚገባ ከዚህ በላይ ማን አስተማረ?

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ዐወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ገብቶ ተምሮ ይመለሳል። እዚህ ላይ በሩ መርከብ ነው፤ ሌላው ዓለምም በካርታ ላይ ያለ ከተማ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው ፓሪስ ላይ አይደለም። የአባቱ ተዝካር፣ የዘመዶቹ ቅያሜ፣ የሠርጉ ጣጣ፣ ሁሉም የሚመጣው ከተመለሰ በኋላ ነው። የእኛ የቆዩት ታሪኮች ስለ መግቢያው አጥብቀው አይጨነቁም፤ ጭንቀታቸው መመለሻው ላይ ነው። ይህን ይዘን እንቆይ።

ታዲያ ሰው የበር ታሪክን ለምን ይወዳል? ጋሼ «ከሥራ ለመሸሽ» ይሉኛል። እኔ ያየሁትን ልንገራቸው።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲቃረብ እኛም እንደ ብዙው ሰው የምንይዘውን ይዘን ወጣን። አሥራ አንድ ሰው በአንዲት ክፍል አደርን። የወንድሜ ልጅ ከእኔ መደርደሪያ ያነሣቻትን አንዲት ሽፋኗ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዛ ነበርና እሷኑ እየደጋገመች ታነብ ጀመር። የሉዊስ የቁም ሣጥን ታሪክ ነበረች። አንድ ሌሊት ሰው ሁሉ የተኛ መስሏት በሹክሹክታ «አጎቴ፣ ቁም ሣጥናችን አሁን እቤት አለ?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አለ» አልኳት፤ ግን አላውቅም ነበር።

የዚያ መጽሐፍ ሕፃናትም ከለንደን የወጡት የጦርነት ቦምብ ፈርተው ነው። ልጅቷ ይህን ሳይነግሯት ገብቷታል። ከሥራ እየሸሸች አልነበረም፤ የምትሠራው ሥራ አልነበራትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአሥራ አንድ ሰው መካከል የራሷ የሆነ አንድ ክንድ ቦታ ፈልጋ ነበር፤ ያንን ቦታ ያገኘችው በመጽሐፍ ውስጥ ነው። ቶልኪን የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሰማው ንግግር ሰዎች የእስረኛን ማምለጥ ከከዳተኛ ወታደር ሽሽት ጋር እንደሚያምታቱ ተናግሮ ነበር። እስር ቤት ያለ ሰው ስለ ውጭ ቢያስብ ማን ይወቅሰዋል? ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲረጋጋ ተመለስን። ቁም ሣጥኑ አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። ልጅቷ የተረፉትን ልብሶቿን አንድ በአንድ አጥፋ መልሳ ደረደረችበት። ጋሼ ይህን ቢያዩ ኖሮ መጽሐፉ ከቤቷ አስወጥቶ አስቀራት ይሉ ነበር? ወደ ቤቷ ሲመልሳት በዓይኔ አይቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ለበሩ ተሟገትኩ። አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ደራሲዎቹ ላዙር፤ ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። እኛ ወሎዬዎች የሌላ ሰው በር የተከፈተብን ሰዎች ነን።

ከደሴ ወጥተው በአምባሰል በኩል ግሼን ይደርሳሉ። መስከረም 21 ቀን ስንት ሺህ ምእመን የሚወጣው ያ ባለ መስቀል ቅርጽ አምባ ቀድሞ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። በዙፋን ላይ ጠብ እንዳይነሣ ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የወንድሙን ልጅ እዚያ ያግዝ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ከዚያ ወርደው ነው የነገሡት። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ ጽፏል። ከመሳፍንቱ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ልብነ ድንግል መልእክት ያደረሰ አንድ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር መገረፉን፣ የንጉሡም ወንድም ከአምባው አምልጦ እንደነበር ይነግረናል። እነሆ እውነተኛው የበር ታሪክ፤ በገመድም ይሁን በጨለማ ከአምባው ለመውጣት የሚጥር እስረኛ።

ከዚያስ ምን ተደረገ? እ.ኤ.አ. በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ቫሌንሲያ ከተማ ተቀምጦ፣ ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ፣ ስለዚሁ አምባ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ግሼን በእሱ ብዕር ቤተ መንግሥትና የአትክልት ሥፍራ፣ የዓለም ድንቅ የሆነ ቤተ መጻሕፍትና የሀብት ክምር ሆነች። በዚያው ዘመን አገራችን ውስጥ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ስሕተቱን ለማረም ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ግን የፓኤዝ መጽሐፍ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ሲቀር የኡሬታ ተረት ባሕር ተሻገረ። እንግሊዛዊው ፐርቻስ ደገመው፤ ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ «የአማራን ተራራ» ጠቀሰ፤ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ። የጆንሰን ልዑል በብረት በር በተዘጋ የደስታ ሸለቆ ይኖራል፤ ይሰለቸዋል፤ ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል። የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱት። አባት ከተጉለት ወደ ፓሪስ የሚወስደውን በር ጻፉ፤ ልጅ ደግሞ ከእንግሊዝ ወደ እኛ የተከፈተውን በር ተረጎሙ።

ጆንሰንን አልወቅስም። ቢያንስ እሱ የደስታው ሸለቆ እስር ቤት መሆኑን አውቆ ልዑሉን አስወጥቶታል። የኡሬታ ጥፋት ግን ከባድ ነው። ሰው የታሰረበትን ቦታ ገነት አደረገው። በመጽሐፉ ውስጥ ወርቁን የሚቆጥር ሞልቷል፤ በዚያ ገደል ላይ ውሃ ማን እንደሚቀዳ፣ እንጨት ማን እንደሚሸከም፣ እህሉ ከየትኛው ገበሬ ጎተራ እንደሚወጣ ግን አይጠይቅም። ለምን ይጠይቅ? አገሩ ለእሱ ሰው የሚኖርበት ቦታ አልነበረም፤ ለአንባቢው መደነቂያ የተዘጋጀ ሥዕል ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ጥፋት ነው» የሚል ይኖራል። ቢሆን እንዴት በወደድኩ! ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በመደርደሪያዬ ላይ ያለፉትን የአገራችንን የበር ልብ ወለዶች አስባቸዋለሁ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያሳትም የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር አገናኝቶ ንባብ የተወ ወጣት ሁሉ ወደ መጽሐፍ እንዲመለስ አደረገ። እኔም በዚያ መጽሐፍ እንጀራ በልቻለሁ፤ ውለታ አልክድም። ቁጣዬ ከኋላው በተሰለፉት ላይ ነው። ስም አልጠራም፤ አንባቢ ያውቃቸዋል። አንዱ ገዳም ሲያልቅ ሌላ ገዳም፣ አንዱ ዋሻ ሲያልቅ ሌላ ዋሻ ይገለጣል። ባለታሪኩ ሁልጊዜ የከተማ ሰው ነው። ላፕቶፕ ይዟል፤ የውጭ ዲግሪ አለው። መነኮሳቱ ለስንት መቶ ዓመት እሱን ሲጠብቁ ኖረዋል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ደራሲው አይነግረንም፤ እንደ አሻንጉሊት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

እስቲ የገዳም ሰው ጠይቁ። ገዳም ማለት ውሃ ከሩቅ በእንስራ የሚመጣበት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ገንዘብ የሚለመንበት፣ ድጓ ለመማር ዓመታት የሚፈጅበት፣ የቆሎ ተማሪ በውሻ እየተነከሰ ቁራሽ የሚለምንበት ቦታ ነው። የዚያ ተማሪ ትግል ከማንኛውም የተሰወረ ሀብት ይልቅ ድንቅ ነው። ደራሲዎቻችን ግን ይህን ዘለው የወርቁን ሣጥን ይከፍታሉ። ከዚያም «የራሳችንን ጥበብ አሳየን» ብለው ይኩራራሉ። ወንድሞቼ፣ ያሳያችሁን የራሳችንን ጥበብ አይደለም። ኡሬታን በአማርኛ ጻፋችሁት።

ሁለተኛው ጥፋት የመመለሻው ነገር ነው። ባለታሪኩ ከበሩ ወዲያ ሲደርስ አዋቂ፣ ተፈቃሪና ጀግና ይሆናል። ከዚያም ወይ እዚያው ይቀራል፣ ወይም ወርቁን ተሸክሞ ይመለስና መጽሐፉ ያልቃል። የዋሻው ወጣት ብሩ እንዳረጀበት፣ ዐወቀ ከዘመዶቹ ጋር እንደተጋጨ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዋጋ የማይጠይቅ በር ይከፈትለታል። እውነት እንናገር ከተባለ በዚህ ምድር ላይ ዋጋ የማይጠይቅ በር የለም፤ አለ የሚል ካለ ደላላ ነው።

ደላላን ካነሣሁ ወደ ጋሼ ሐዘን ልመለስ። ከወሎ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ልጅ የእኔን መጻሕፍት አንብቦ አይደለም የሄደው። ብዙዎቹ አንድም ልብ ወለድ ሳያነቡ ነው የሄዱት። ነገር ግን ታሪክ ሰምተዋል። ደላላው ነግሯቸዋል፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ነግሯቸዋል፤ በስልክ የተላከ ፎቶግራፍ ነግሯቸዋል። ደላላው በአገራችን ካሉት የበር ልብ ወለድ ደራሲዎች ሁሉ የሚበልጥ አንባቢ ያለው ደራሲ ነው። ታሪኩን አዳምጡት፤ ከላይ ከነቀፍኩት ጋር አንድ ነው። ከባሕሩ ወዲያ ያለው አገር ልጁን ሲጠብቅ የኖረ ነው። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ፊት የላቸውም። መንገዱ አጭር ነው። መመለሻው አይነሣም። ዋጋው የሚነገረው በረሃው መካከል ነው።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። አንዷ ጎረቤቴ ናት። ስትመለስ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ተፈላ፤ ሰው ሁሉ ሻንጣዋን ያያል። እሷን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን እኔ ዘንድ ቁጭ ብላ ስታወጋኝ «የቤቱ በር ከውጭ ነበር የሚቆለፈው» አለችኝ። ቤቱ እብነ በረድ ነበር፤ አትክልት ነበረው፤ ላከችው የተባለው ፎቶግራፍም ውሸት አልነበረም። ፎቶግራፉ ግን ቁልፉን አያሳይም። ግሼን ትዝ አለችኝ። ከውጭ ለሚያየው የደስታ ሸለቆ፣ ከውስጥ ላለው አምባ። የላከችው ገንዘብ አልቋል፤ ሰፈሩም ልጆቹም ተለውጠዋል። እንደ ዋሻው ወጣት ቆማ በእጇ ያለውን ብር ታገላብጣለች። ይህን ታሪክ ማን ጻፈው? ወርቅ ፍለጋ ዋሻ ለዋሻ ስንዞር እውነተኛዋ ተጓዥ ቧንቧ ውሃ ቁጭ ብላ ሰሚ አጥታለች።

እንግዲህ ጋሼ፣ መልሴ ይኸው። በሩን ብንዘጋው ልጆቹ የበር ታሪክ መስማታቸውን አይተዉም፤ ከደላላው ብቻ ይሰማሉ። አንድም የበር መጽሐፍ ያላነበበ ልጅ የደላላው ታሪክ ምን እንደጎደለው በምን ያውቃል? መድኃኒቱ ብዙ የበር ታሪኮችን አንብቦ ክፉውን ከደጉ መለየት ነው። ከህፍን የቀራ፣ ዐወቀን ያወቀ፣ የጆንሰንን ልዑል ሰልችቶት ሲወጣ ያየ ልጅ ቢያንስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል። ጥያቄ ብቻውን ሰው ከመሄድ አያስቀርም፤ ድህነትን መጽሐፍ አይፈታውም። ጠይቆ የሄደና ታውሮ የሄደ ግን አንድ አይደሉም።

ለደራሲዎቻችንም ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። በር ከመክፈታችሁ በፊት መልሱልኝ። አንደኛ፣ ጀግናችሁ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ያሉት ሰዎች ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ? ሁለተኛ፣ በሩ ምን ያስከፍላል፤ የሚከፍለውስ ማነው? ሦስተኛ፣ ሰውዬው ሲመለስ ቤቱ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህን የመለሰ መጽሐፍ ዘንዶ ቢኖረው፣ ሰማይ ቢቀደድ፣ ዛፍ ቢናገር ቅር አይለኝም። ያልመለሰ ግን የእውነተኛ ገዳም ስም ቢጠራ፣ ካርታም ቢያያይዝ ውሸት ነው።

መጽሐፉን ከመደርደሪያዬ አላወረድኩትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ፈራ ተባ እያለ መጣ። ጋሼም ነበሩ። ልጁ ሁለተኛውን ክፍል ፈልጎ ነበር የመጣው። «የመጀመሪያውን ወደድከው ወይ?» አልኩት። «ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። ከበር ውጭ ወረፋ የያዘለትን ቢጫ ጀሪካን በዓይኑ እየጠበቀ ነው የሚያወራኝ።

«እነዚያ ሽማግሌዎች ከዋሻው አይወጡም ይላል። ውሃ ማን ይቀዳላቸዋል?»

ጋሼ ቀና ብለው አዩት። ከዚያም ሁለተኛውን ክፍል ራሳቸው ከመደርደሪያው አውርደው ሰጡት። የኪራዩንም ከፈሉለት።